ብዕር የት ይደር?

ሰው ዕቃውን የሚያኖርበት ስፍራ ስለ ዕቃው ያለውን ሐሳብ ይገልጣል። ገንዘቡን በጉያው፣ ዳዊቱን በራስጌው፣ መጥረቢያውን በጓሮው የሚያኖር ሰው ቃል ሳይናገር ለእያንዳንዳቸው ማዕርግ ሰጥቷቸዋል። ቀለም የሚሞላ ብዕር ያለው ሰው መያዣ ሲመርጥም እንዲሁ ነው። ቆዳ ይሻላል ወይስ ጨርቅ፣ ዚፕ ይሻላል ወይስ ቁልፍ ያለው ሣጥን የሚለው የገበያ ጥያቄ ቢመስልም፣ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ዕቃን መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ቃል ከግእዝ ወርሷል፤ «ማኅደር»። ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይም በትከሻ የሚነገት የቆዳ መያዣ ነው። ቃሉ የወጣው «ኀደረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ በአማርኛ «አደረ» የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ማኅደር ማደሪያ ነው። ማደሪያ ደግሞ ከመቃብር ይለያል፤ ያደረ ሲነጋ ይወጣልና። መጽሐፉ በሰዓቱ ከማኅደሩ ወጥቶ ይነበባል፤ ተነቦም ይመለሳል። ቢሮዎች ይህንኑ ቃል ለሰነድ ማቀፊያ ከወሰዱት በኋላ ብዙ ጉዳይ ገብቶ የማይወጣበት ቢሆን፣ ጥፋቱ የቃሉ አይደለም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማኅደር የተሰፋው ለመጽሐፉ እንጂ ለመጻፊያው አለመሆኑ ነው። ቁም ጸሐፊ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል፤ ጫፉ ሲዶለዱም በካራ ያሾለዋል፤ ሲያልቅ ሌላ መቃ ይቆርጣል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በየቀንዳቸው ሆነው ከአጠገቡ ይቀመጣሉ። መሣሪያው ያልፋል፤ ሥራው ይቀራል። ቀለሙን በሆዱ የሚሸከመው ብዕር ሲመጣ ይህ ሚዛን ተለወጠ። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ወዲህ እየተስፋፋ የሄደው ይህ መሣሪያ ዕድሜው ረዘመ፤ ዋጋው ከፍ አለ፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፍ ጀመር። ያን ጊዜ መሣሪያው ራሱ ማደሪያ ፈለገ።

ማደሪያው መንገዱን የሚያውቅ ሊሆን ይገባል። ሞያሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከማንያታ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሽቅብ በወጣ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በብዕሩ ሆድ የታፈነው አየርም እየሰፋ ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የብዙ ሸሚዝ ደረት የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብዕሩ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ሆኖ ቢጓዝ ይመረጣል። መያዣውም ብዕሩን አቁሞ የሚይዝ፣ ሁለት ብዕሮች እንዳይፋተጉ በየክፍላቸው የሚለይ፣ የቆላውን አቧራ የማያስገባ ይሁን። እስከዚህ ድረስ ጥበቃ ጥበብ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጥበቃው ራሱ ግብ ሲሆን ነው። የአባቱን ብዕር በከፋይ ጠቅልሎ የቆለፈበት ልጅ ክርክሩ ቀላል አይደለም። «ቢወድቅ ይሰበራል፤ ቢሰረቅ አይመለስም፤ አደራ ተቀባይ አደራውን ለአደጋ አያጋልጥም» ይላል። እውነት አለው። ነገር ግን አደራው ምን ነበር? አባት የሰጠው ብረትና ጎማ ብቻ ከሆነ ሣጥኑ ይበቃል። የሰጠው መጻፍን ከሆነ ግን የተቆለፈው ብዕር ሳይሆን አደራው ነው። ቀለም እንደያዘ የተተወ ብዕርም ቀለሙ ውስጡ ደርቆ ይዘጋዋል፤ ሥራ የተነፈገ ዕቃ በጠባቂው እጅ ይበላሻል።

የመቅደላ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ በአገር መጠን ያሳያሉ። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ከዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አልጠፉም፤ አልተቃጠሉም። «በደኅና ተጠብቀዋል» የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለተነጠቁት አብያተ ክርስቲያናት መልስ አይሆንም። መጽሐፍ ከአደጋ ድኖም ከማኅደሩ የራቀ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ጠባቂ «እንዴት ጠበቅህ?» ከሚለው ጋር «ለማን ጠበቅህ?» የሚለውን መመለስ አለበት።

በተቃራኒው፣ ከኪስ የማይጠፋ ብዕር ሁሉ አገልጋይ አይደለም። በደረት ኪስ ተሰክቶ ለባለቤቱ ምሁርነት ብቻ የሚመሰክር ብዕር ከተቆለፈው በምን ይሻላል? አንዱ በሣጥን፣ ሌላው በደረት ታስሯል።

የብዕር ባለቤት የሚፈተነው ሰው «እስቲ ብዕርህን አንዴ» ሲለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተመረቀው የሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላም ሆነ በሌላ ቢሮ ቅጽ የሚሞላ ሰው መጻፊያ ሊያጣ ይችላል። ጫፉ የሳሳ ብዕር በማያውቀው እጅ ተጭኖ ሊጣመም ስለሚችል ባለቤቱ ቢሳሳለት አይፈረድበትም፤ ጎረቤቱን ባዶ እጁን መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ጥሩ መያዣ ከብዕሩ ጎን ለእስክሪብቶ የሚሆን አንድ ክፍት ቦታ ቢኖረው መልካም ነው። የከበረው ዕቃ ሳይጎዳ፣ ለማኙም ሳያፍር ይሄዳል።

እንግዲህ ገዢው የቆዳውን ልስላሴና የስፌቱን ጥንካሬ ከመረመረ በኋላ አንድ ነገር ይጨምር፤ መያዣውን አሥር ጊዜ ይክፈተው፣ ይዝጋው። ለመክፈት የሚያስቸግር ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለብዕር አይሆንም። የብዕር ማኅደር በጎነቱ ሲዘጋ ብቻ ሳይሆን፣ ሲነጋ እንግዳውን በማውጣቱም ይለካል።