ሳይነግሩት ያወቀ

በስቅለት ዓርብ በጎንደር ከተማ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ ቅጽር ውስጥ አንድ ጎልማሳ ከጧት ጀምሮ ሲሰግድ ዋለ እንበል። በኪሱ ያለችው የእጅ ስልክ አብራው ትወድቃለች፤ አብራው ትነሣለች። ስልኪቱ ስለ ሕማማት የምታውቀው ነገር የለም። በውስጧ ያለው አክስለሮሜትር የተባለ ደቃቅ መሣሪያ ግን እያንዳንዱን መውደቅና መነሣት በቁጥር ይመዘግባል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የእርምጃ ብዛት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን ቁጥሩን ተቀብሎ «ይህ ሰው እንዲህ እያደረገ ነው» ብሎ በሰው አንደበት የሚተረጉም የቋንቋ ሞዴል መጥቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. የቀረበ አንድ ጥናት፣ ቻትጂፒቲ ከእርምጃ ቁጥር፣ ከሳተላይት ምልክትና በአካባቢው ከሚገኙ የዋይፋይ ስሞች ተነሥቶ ባለስልኩ እየተንቀሳቀሰ መሆን አለመሆኑን፣ በምን ዓይነት ስፍራ እንዳለም ለመገመት እንደሚችል አሳይቷል።

ለመሆኑ ስለ ሰጋጁ ምን ይል ይሆን? «ስፖርት እየሠራ ነው» ቢል አያስገርምም። የአቋቋም ምስክር በሆነችው በበአታ ለማርያም ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ሲያዘምሙ የሚያይ ያልተማረ እንግዳም ከመወዛወዝ በቀር የሚያነበው ነገር የለውም። እንቅስቃሴው ቅርፅ ነው፤ ይዘቱ ያለው በአድራጊው ሕሊና ውስጥ ነው። ቁጥሩ እጅግ ቢበዛና ቢረቅ እንኳ ቅርፁን ያጠራል እንጂ ይዘቱን በራሱ አይወልድም።

ሆኖም ስሕተቱ የጉዳዩ ቀላሉ ክፍል ነው። ስሕተት ሲታወቅ ይታረማል፤ ከዚያም ያለፈ እንደሆነ ያስቃል። ይህን ጸሐፊ የሚያሳስበው ሞዴሉ ትክክል የሆነ ጊዜ ነው። ስፍራውን፣ ዕለቱንና የሰውነቱን አነዋወጥ አጋጥሞ «ይህ ሰው እየሰገደ ነው፤ እምነቱም ይህ ነው» ቢልስ? ሌሊቱን ሲገላበጥ ማደሩን፣ የልቡን ምት መፍጠን ቆጥሮ ኀዘን ወይም ደዌ እንዳለበት ቢናገርስ? የንስሐ አባታችን ከዚህ የበለጠ ምሥጢራችንን ያውቃል፤ ቅር ግን አይለንም። ነግረነው ያወቀ ነውና። ሳንነግረው ያወቀውን ሰው አገራችን ጆሮ ጠቢ ትለዋለች፤ ያወቀው እውነት መሆኑም ከዚህ ስም አያድነውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጤናንና እምነትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቧቸዋል። መልካም ነው። ነገር ግን የእርምጃ ቁጥር ለብቻው ሲታይ የማንም ምሥጢር አይመስልም፤ ምሥጢር የሚሆነው ከተተረጎመ በኋላ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ይህን ዓይነቱን እንግዳ በምን ይለየዋል?

እርግጥ ነው፣ በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ የወደቀ መንገደኛ ስልኩ መውደቁን ዐውቃ ሰው ብትጠራለት የሚነቅፍ አይኖርም። ዕውቀቱ ይቅር የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ ስለ መንገዱ ነው፤ ለመንገዱም እዚያው አካባቢ አብነት አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ ባለችው በዳባት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል አማካይነት መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግቡ ኖረዋል። በሐኪም ፊት ያልሞተ ሰው የሞተበትን ምክንያት ለመገመት እንኳ ቤተ ዘመዱን ተቀምጠው ይጠይቃሉ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ቀርፋፋም ነው። ተጠያቂው ግን እንደተጠየቀ ያውቃል፤ የሚናገረውን ይመርጣል፤ የማይናገረውንም ይይዛል።

ከቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ይልቅ የቋንቋ ሞዴል ለመጠየቅ የሚያስችል አንደበት አለው። እስከ ዛሬ የተደነቀው ግን በመፍረዱ ነው። በእኛ ቋንቋ መጠየቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ለተጠሪው ሁሉ ትበቃለች። በአማርኛ ጠያቂው ገና ግሡን ሲጀምር «ደከመህ»፣ «ደከመሽ» ወይም «ደከመዎት» ሊል ግድ ነው፤ የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አፉን መክፈት አይችልም። በቁጥር የሰውነትን ድካም የሚለካ መሣሪያ የሰውየውን ማዕርግ ግን ከየት ያገኘዋል? ገምቶ «አንተ» ይላል፤ አባወራውንም እመቤቲቱንም።

ከደባርቅ ገበያ ተመልሰው አቀበቱን የሚወጡ አንዲት አሮጊት አሉ እንበል። የልጃቸው ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ስልኩ «እናቴ፣ ደከመዎት መሰለኝ፤ ምን እየሠሩ ነው?» ቢል እሰየው፤ አክብሮ ጠይቋል። እርሳቸው ግን ሸክማቸውን ሳያወርዱ «አንተ ምን አገባህ?» ሊሉት ይችላሉ። ጠያቂው እንግዲህ ይህንንም እንደ ሙሉ መልስ ተቀብሎ ዝም ማለት ይኖርበታል።