የተማሪ ሰዓት በቤታችንና በቁምስናችን



ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ጌታችን የተናገረውን ምሳሌ ጽፎልናል። ይህን ምሳሌ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ እናስተምራለን፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን በሰውየው መቀመጥ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እንወዳለን። ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ተቀምጦ ያሰላል። የሚቆጥረውም በእጁ ያለውን ነው እንጂ የሚመኘውን አይደለም።

በቤታችን ያለ ተማሪም ግንብ ሠሪ ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚዘልቅ ሥራ ተሰጥቶታል። «አጥና» ማለቱን ሁላችንም እናውቅበታለን። ከልጃችን አጠገብ ተቀምጠን ሰዓቱን የቆጠርን ግን ስንቶቻችን ነን?

እስቲ አብረን እንቁጠር። በጠዋት ፈረቃ የምትማር አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከቀኑ 7 ሰዓት ቤቷ ትደርሳለች እንበል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የጥናት ጊዜ ይመስለናል። ነገር ግን ውኃ መቅዳት አለ፤ እንጀራ መጋገር፣ ታናናሾችን መጠበቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት መጽሐፏን ስትከፍት ወይ ዐይኗ ይከደናል፣ ወይ መብራት ይጠፋል። ወንድሟ በዚያው ቤት ከቀትር ጀምሮ ነጻ ነው። ከአንድ ማእድ እየበሉ የእርሷ ሰዓት የቤተ ሰቡ ሁሉ፣ የእርሱ ሰዓት የራሱ ብቻ የሚሆነው በየትኛው ፍርድ ነው? ይህን ያለ ኀፍረት ልናልፈው አንችልም።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም 3.2 ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው። የመጽሐፍ እጥረት፣ የትምህርት ጥራት፣ ጦርነት ያፈናቀላቸው ልጆች ሁሉ በዚህ ውስጥ አሉ። ሁሉንም በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ሐሰት ነው። በቤታችን ሥልጣን ሥር ያለው ግን ሰዓቱ ነው፤ የምንጠየቀውም በእርሱ ነው።

ጥናት እንዴት እንደሚከፋፈል ደግሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በራሱ ላይ ባደረገው ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከሸመደደው አብዛኛውን ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚረሳና በአንድ ቀን ከሚከማች ድግግሞሽ ይልቅ በተለያዩ ቀናት የተከፋፈለው እንደሚጸና አሳየ። እንግዲህ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ከማንጋት በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበልጣል። የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ እንደገና ማስታወስ ይገባል። ከባዱን ትምህርት አእምሮ ሳይደክም ማስቀደም፣ እንቅልፍንም አለመስረቅ ነው።

ቅዱስ በነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት፣ በምዕራፍ 48፣ የእጅ ሥራና የንባብ ሰዓታትን ለይቶ መድቧል። እኛን የሚደንቀን ሰዓቱን እንደ ወቅቱ መለዋወጡ ነው፤ የበጋው ሌላ፣ የክረምቱ ሌላ፣ የዐቢይ ጾሙም ሌላ ነው። በገጠር ቁምስናዎቻችን ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። በመስከረም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጥናት ፕሮግራም በኅዳርም ሳይለወጥ ከቆየ፣ ልጁ ከጥናቱም ከአባቱም ጋር ይጣላል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ልጁ ብቻውን አያውጣው፤ አባትና እናት አብረውት ይቀመጡ። እናቱም «ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል አልጠራህም» ካለች ቃሏን ትጠብቅ።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት ልንናገር ይገባናል። በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት ለትንሣኤ በዓል መዝሙር ለማዘጋጀት ወጣቶቻችንን በሳምንት አራት ምሽት እንጠራ ነበር። የቀረውን እንወቅሳለን፤ የመጣውን እናመሰግናለን። በዓሉም በእውነት አማረ። በኋላ የፈተና ውጤት ሲመጣ ከመዘምራኑ አንዷ ልታነጋግረን መጣች። ወደ ቤቷ ስትደርስ የቤቱ ሥራ ይጠብቃት እንደ ነበረ ነገረችን። «ለምን አልነገርሽንም ልጄ?» አልናት። «አባ፣ መቅረት ኃጢአት መስሎኝ ነበር» አለች።

የምንመልሰው አልነበረንም። የእናቷን ፍላጎት፣ የመምህሮቿን ፍላጎት፣ የእኛንም ፍላጎት ተሸክማ ነበር፤ ከሦስታችን አንዳችንም ተቀምጠን አልቆጠርንላትም። ሰዓት መሥዋዕት ሊሆን እንደሚችል እናስተምራለን። ነገር ግን የሌላውን ሰዓት በእርሱ ፈንታ መሠዋት የእኛ መብት አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ከመዘምራኑ ጋር ተቀምጠን የልምምዱን ቀን ራሳቸው እንዲመርጡ ጠየቅናቸው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓትን መረጡ፤ የፈተና ወርም ሙሉ በሙሉ ነጻ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ የቁምስናው አዳራሽ በቀሩት ምሽቶች እስከ 2 ሰዓት ተኩል ለጥናት ይከፈታል፤ ቁልፉም ተራ ከደረሰው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ዘንድ ይገኛል። ቤታቸው ርቆ የሚመሹ ልጃገረዶችን ወላጆች በተራ እየመጡ ይወስዷቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱም ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። የልጃገረዶቹን እናቶች በየቤታቸው ሄደን ማነጋገር ነበረብን።