የጋቢው ተራ

በካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙበት አንድ ግቢ፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ እናት ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በራቸው አይዘጋም። አንድ ቀን ሰፈሩ የሚያማው፣ አባቱ «ልጄ አይደለህም» ብሎ ያባረረው ወጣት ደጃፋቸው ቆመ።

«ግባ የኔ ልጅ፣ እጅህ ሥራ አይፍታ» ብለው እንዝርት ሰጡት።

ወንድ ሲፈትል አይቶ የሳቀ አልጠፋም። እሳቸው ግን ባዘቶው በጣት መሀል እንዴት እንደሚሳሳ፣ እንዝርቱም ጭን ላይ እንዴት እንደሚሾር አሳዩት። በሳምንቱ እንደሱ መጠጊያ ያጣ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ። ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጥጥ እየፈተልን ነው።»

ፈትሉ ሲበቃ ሽሮ ሜዳ ወሰዱት። ሸማኔው ልቃቂቶቹን አገላብጦ፣ «እማማ፣ ይሄኛው ጎርባጣ ነው፤ ይውጣ» አላቸው።

«እሱ ከወጣ ጋቢው ይቅር» አሉት።

ጋቢው እንደ ጽዋ በየተራ ይዞር ጀመር፤ የታመመ ይደርበዋል፣ ከቤት የተባረረም ይደርበዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ዘመዶቹ አፍረው ቀሩ፤ እድርም አልነበረው። ፈታዮቹ ቀበሩት፣ ስሙንም በጋቢው ጥለት ዳር በክር ጻፉለት። ኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሲበተን፣ ጋቢው ባለተራውን እየፈለገ በታክሲ ይጓዝ ነበር።

ይህን የተናገርኩት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን አስቤ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ግንኙነታቸው ያስቀጣል፤ ስለዚህ «እኛ እነዚህ ነን» ብሎ በግልጽ መሰብሰብ ያስፈራል። ሥራ ግን ሰውን ለማገናኘት በቂ ምክንያት ነው። እጅ ሲጠመድ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ይቀርና፣ ለዓመታት የታፈነው ይነገራል። እድር የነፈገንን ሰው እርስ በርሳችን እንሆናለን የሚል ቃል ኪዳንም በዚያው ይጠነክራል።

በአሜሪካ እንዲህ በእጅ ሥራ መሰባሰብ በይፋ ተደርጓል። የመብት ተሟጋቹ ክሊቭ ጆንስ በሳን ፍራንሲስኮ ከጓደኞቹ ጋር፣ በኤድስ የሞቱ ሰዎችን ስም በጨርቅ ላይ መስፋት ጀመረ። አንዱ ቁራጭ በግምት 90 በ180 ሴንቲ ሜትር፣ የመቃብር ልክ ነው። ብዙ ቀብር አስፈጻሚዎች በኤድስ የሞተን ሰው ሬሳ አንቀበልም ይሉ በነበረበት ዘመን፣ ለአንዳንዱ ሟች ያ ጨርቅ ብቸኛው ሐውልቱ ነበር። መስከረም 30 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የእኩልነት ሰልፍ በተደረገበት ዕለት፣ 1,920 ቁራጭ በዋሽንግተን አደባባይ ተነጠፈ። ስሞቹ አንድ በአንድ በድምፅ ተነበቡ፤ ልቅሶውና አቤቱታው በዚያው ጨርቅ ላይ አብረው ለመንግሥት ቀረቡ።