ከራስ ደጀን በፊት ጦሳ

ልጆቼ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ተራራ ተራራ ማለት ይጀምራል። ከውጭ ሀገር ለበዓል የሚመጡት የወንድሞቻችንና የእህቶቻችን ልጆችም ሻንጣቸውን አውርደው ሳይጨርሱ «የት እንውጣ?» ይላሉ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። በተራራ መካከል ተወልዶ፣ ተራራን ከመስኮት ብቻ እያዩ ማርጀት ያሳዝናል። ነገር ግን ጥያቄውን ተከትሎ የሚመጣው ምላሽ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ራስ ደጀን! ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ያለው ልጃችንም የበረዶ ሸርተቴ ልጀምር ብሎ ሲነሳ ስሙ የገነነውን ትልቁን ተራራ ይጠራል። ስም ልብ ይሰርቃል። እኔ የምመክራችሁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ስትመርጡ በደህና የሚመልሳችሁን እንድትመርጡ ነው። የመጀመሪያው ተራራ ሥራው ሁለተኛውን ማስናፈቅ ነው፤ ያስፈራ፣ ያሳመመ ወይም ያዋረደ ተራራ ደግሞ ሁለተኛ የለውም።

ከፍታ ምን እንደሆነ ለእኛ ያስተማረን የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጥምዝምዙን ጨርሶ አናቱ ላይ ሲደርስ ጆሮው ድፍን ይላል፣ መስኮት ያዘጋል፣ ጃኬቱን ከእግሩ ሥር ይፈልጋል። የተማሩት ሰዎች 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ይላሉ። አባቶቻችንም መለኪያ ሳይዙ ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለው አስቀምጠውልናል።

እንግዲህ ተራራ ከመምረጣችሁ በፊት ሰውነታችሁ የለመደው የትኛውን እንደሆነ እወቁ። ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደሙ ደጋን ያውቃል። ትናንት ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከጅዳ የገባ ግን ከባሕር ጠርዝ ነው የመጣው፤ ለእርሱ ደሴ ራሷ ተራራ ናት። ሁለት ሌሊት ይደርባት፣ ቡናውን ይጠጣ፣ በፒያሳ ዳገት ወጣ ወረድ ይበል። ከዚያ በኋላ ስለ ደሴው ተራራ ስለ ጦሳ እንነጋገራለን።

ጦሳን ለጀማሪ የምመርጥበት ብዙ ምክንያት አለኝ። ከቤት በእግር ይደረሳል፤ የመኪና ኪራይ፣ የአልጋ ዋጋ የለበትም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከተማዋ ከሥር ትዘረጋለችና የደከመው ሰው ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ በዓይኑ እያየ ያርፋል። እረኛው፣ ገበሬው፣ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት በመንገዱ ላይ አሉ፤ ብትስቱ «ወዴት ናችሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዳገቱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፤ ልብ ያስመታል፣ ላብ ያስጠርጋል። ነገር ግን በጠዋት የተነሳ ሰው ደርሶ ምሳውን ቤቱ ይበላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ለጀማሪ ተራራም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

አንድ ነገር ግን ንቁ። የደሴ ሰው ጉምን ያውቀዋል፤ ከጎዳና ላይ ስናየው ያምራል። ጦሳ ላይ ሲወርድባችሁ ግን ጥቂት እርምጃ ቀድሟችሁ የሚሄደው ጓደኛችሁ ይሰወራል፤ የረገጣችሁት መንገድም ከከብት ዱካ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ክረምቱን ተዉት፤ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የጀማሪ ጊዜ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ በልጉ ሊመጣ ይችላልና ሰማዩን እያያችሁ ውጡ። ጉም ካገኛችሁ ሳትበታተኑ ተቀመጡ፤ እስኪገለጥ ጠብቁና ወደ ታች ተመለሱ። በስተምሥራቅ ያለው አዝዋ ገደል ለማየት ውብ ነው፤ ስሙ ግን ገደል መሆኑን አትርሱና ሕፃን ይዛችሁ ስትሄዱ እጁን አትልቀቁ።

ኮምቦልቻዎች ደግሞ የጎፍ ተራራ አላችሁ። የጥዱ ጥላ ፀሐይን ይከላከላል፣ መሬቱም ለእግር ይመቻል። ጥብቅ ደን ነውና እሳት አታንድዱበት፤ ቅርንጫፍ አትስበሩበት።

ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱ ይጨነቃል፤ እግር የሚሰብረው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርዱ እግራችሁ በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አውራ ጣታችሁ የጫማውን አፍንጫ ሺህ ጊዜ ይመታል፤ ማታ ካልሲያችሁን ስታወልቁ ጥፍራችሁ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አናት ላይ ስትደርሱ ተቀመጡ። የጫማችሁን ክር እስከ ታች አላሉት። ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስገቡት፤ ከዚያ ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ይህን ከቤት ተለማምዳችሁ ሂዱ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለዋል አባቶች። አዲስ ጫማም የተራራ ቀን አይመረቅም፤ ሁለት ሳምንት ገበያ ወጥታችሁ ተመለሱበት። ቆሎና በሶ ያዙ፣ ውሃ አብዙ፣ ፀሐይ ብትሆንም ከብርድ የሚያድን ልብስ አይለያችሁ።

ጦሳንና የጎፍን የለመደ ሰው ቀጥሎ የት ይሂድ? እኔ ጓሳን እላለሁ። ጓሳ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አምባ ነው። የመንዝ ሰዎች ለ400 ዓመት ያህል ሣሩን በሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ፣ አጥፊውን እየቀጡ ጠብቀው አቆይተውታል፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም የሚታዩት በዚያ ጥበቃ ነው። መሬቱ የተዘረጋ ስለሆነ ገደል ሳያስፈራችሁ የውርጭ ሌሊት ምን እንደሚመስል ትማራላችሁ። ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ በላስቲክ የያዛችሁት ውሃም ሊረጋ ይችላል። ይህን ሳያውቁ ሰሜን ተራሮች መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በራሳችን በደቡብ ወሎ ደግሞ የዞናችን ከፍተኛው አምባ ፈሪት አለ፤ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም አለ። በጉዞው ርዝመትና በከፍታቸው የጀማሪ አይደሉምና «የደጃችን ነው» ብላችሁ አትናቋቸው።

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ በከንቱ አልነበረም፤ ዕድሜ ከሰጣችሁ ሳታዩዋቸው አትቅሩ። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አናት ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት አየር በባሕር ዳርቻ ከምታገኙት 60 በመቶ እንኳን አይሞላም። የከፍታ ሕመም ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፤ ስፖርተኛውን ጥሎ አዛውንቱን ሊያሳልፍ ይችላል። በራስ ምታት ይጀምራል፤ ማቅለሽለሽ ይከተላል፤ ሰውየው እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት፤ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ታች ማውረድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ አድርጉ። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር ያደረ፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ እያለ የሄደ ሰው ሰውነቱን እያስለመደ ነው። በሦስት ቀን ራስ ደጀንን ጨርሼ ልመለስ የሚል የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ይደርስበታል፤ ሕመሙን ታቅፎ ተራራውን ሳያይ ይመለሳል።

በውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆቼ፣ የእናንተ ተራራ በረዶ ለብሷል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በረዶ የእኛ ዕጣ አይደለም አትበሉ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ በረዶ በሌለበትም ባለጎማ ሸርተቴ ተጫምቶ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የእርሱ ውድድር ረጅም ርቀት በበረዶ ላይ የሚኬድበት ዓይነት ነው። ካደጋችሁ በኋላ በረዶ ላይ የምትወጡና መንሸራተቱ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ በዚህ ብትጀምሩ እወዳለሁ፤ ለእግር ጉዞ የቀረበ ነው፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ቁልቁል መንሸራተት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቱ ቅርብ የሆነውን ትንሽ ኮረብታ ይምረጥ። ሚኒያፖሊስ አጠገብ ባክ ሂል የሚባል አለ፤ ከሥሩ እስከ አናቱ 100 ሜትር አይሞላም። ቫንኩቨር ላይ በቁልቁለት ውድድር ወርቅ ያጠለቀችው ሊንድዚ ቮን በልጅነቷ የተማረችው እዚያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስንል ሰው ተረት ይመስለዋል። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ ከፍታውን አስቡ፤ ስሙ የገነነው የብሬክንሪጅ መንደር 2,900 ሜትር ላይ ነው፤ ከደሴ በ400 ሜትር ይበልጣል። ከዋሽንግተን የመጣ እንግዳ ይዛችሁ በዚያው ዕለት አትውጡ። ዱባይ ለእንጀራ የሄዳችሁ እህቶቻችንም ብትሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተሠራ የበረዶ ሜዳ አለላችሁ፤ ትልቁ መንሸራተቻ 400 ሜትር ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ቦታውን ስትመርጡ ስለ አናቱ ከፍታ አትጠይቁ። ጀማሪው የሚማርበት ሜዳ ፈጣኖቹ ከሚወርዱበት የተለየ ነው ወይ? መጨረሻው ሰው ሳይታገል ራሱ የሚያቆመው ለጥ ያለ ሜዳ ነው ወይ? በአየር ላይ ከሚያንጠለጥል ወንበር ይልቅ መሬት ለመሬት የሚጎትት ምንጣፍ አለ ወይ? አስተማሪ አለ ወይ? እነዚህን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ፣ ጥቁር ምልክት ለአዋቂ ነው፤ በአውሮፓ ብዙ ቦታ በሰማያዊና በጥቁር መካከል ቀይ ይገባል። ቀለሙ የሚናገረው ግን ስለዚያው ተራራ ብቻ ነው፤ የአንዱ ተራራ አረንጓዴ ከሌላው ሰማያዊ ሊከብድ ይችላል። በአንዱ ቦታ ቻልኩ ብላችሁ በሌላው አትኩራሩ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ዕቃውን ተከራዩ፤ ገንዘባችሁን ለአስተማሪ ክፈሉ። መጀመሪያ የሚማሩት መቆም ነው፤ የሁለቱን ሸርተቴዎች አፍንጫ አቀራርቦ፣ ኋላቸውን አስፍቶ፣ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ ፍጥነትን መግደል። ይህን ሳትችሉ «ና እኔ አሳይሃለሁ» ብሎ ወደ አናቱ የሚወስዳችሁ ወዳጅ፣ ፍቅሩ እውነት ቢሆንም አትከተሉት። ባልም ሚስቱን፣ አባትም ልጁን ለአስተማሪ ቢሰጥ ይሻላል። ጂንስ ሱሪም ለብሳችሁ አትሂዱ፤ ይረጥባል፣ ከዚያም አካላታችሁን ያቀዘቅዛል።

ወደ ሀገር ቤት ልመለስ። በክልላችን ሰላሙ ከደፈረሰ ወዲህ ከጫማና ከስንቅ በፊት የሚጠየቀው መንገዱ ነው። ይህን ስል ልቤ እያዘነ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ትናንት የተሄደበት ዛሬ ላይሄድበት ይችላልና በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰፈር ያለ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ። መሪም የቦታውን ልጅ ያዙ፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን እርሻ እንደማይረገጥ እርሱ ያውቃል። የላቡን ዋጋ ስትከፍሉት ተከራክራችሁ አታሳንሱበት። እርምጃችሁን ከመካከላችሁ በደከመው ልክ አድርጉ። የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤት ሰው ነግራችሁ ውጡ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አናቱ ፊት ለፊታችሁ ቢታይም ፊታችሁን ወደ ታች አዙሩ።

እናንተም ወላጆች፣ በዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። ከመንገድ የተመለሰውን ልጅ «አቃተህ እንዴ?» እያልን ስናሾፍበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ታሞም ቢሆን እንዲገፋ እኛው እያስገደድነው ነው። በጉም መካከል ብዙ ልጆች ወደ ፊት የሚሄዱት የቤታቸውን ሳቅ ፈርተው ነው። የተመለሰውን ልጅ የት ድረስ እንደደረሰ፣ ምን እንደመለሰው ጠይቁት፤ መመለሱ ልክ ከነበረ አመስግኑት። ጉልበት ያላችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብራችሁት ውጡ።