የስኳር በግና መራራው ቅጠል

ሰው ለበዓል ቀን በእጁ የሚሠራው ጌጥ ልቡናን ወደ በዓሉ ጌታ የሚመራ ነውን? ወይስ ዓይንን በራሱ ላይ አስቀርቶ በዓሉን የሚሸፍን? ይህ ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም በቤቱ ልጅ የሚያሳድገውን ምእመን ሁሉ የሚመለከት ነውና በአንድ አብነት ልንመረምረው ይገባናል።

በፖላንድ አገር የሚኖሩ የካቶሊክ ምእመናን በጸደይ ወራት ለሚያከብሩት የትንሣኤ በዓል ከስኳር የበግ ምስል ያበጃሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ስኳሩ በጥቂት ውሃ ወይም በተመታ የእንቁላል ነጭ ይርሳል፤ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲጨብጡት የሚያያዝ ሲሆን፣ ሁለት ክፋይ ባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ ከዚያም በቀስታ ይገለበጥና እስኪደርቅ ድረስ ሳይነካ ያድራል። የቸኮለ ይሰብረዋል፤ ውሃ ያበዛም ቅርጹን ያጠፋዋል። በደረቀ ጊዜ ትንሽ ቀይ ባንዲራ ይተከልበታል፤ ይህም ክርስቶስ ሞትን ድል ማድረጉን ያመለክታል። በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜም ከእንቁላል፣ ከዳቦ፣ ከጨውና ከሥጋ ጋራ በቅርጫት ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል፤ ካህኑም ይባርከዋል።

ምናልባት አንድ ሰው «የእግዚአብሔር በግ የተባለውን ጌታ በስኳር መስሎ ለልጅ መቆርጠሚያ መስጠት ድፍረት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ምሳሌውንና አማናዊውን ለይቶ በማወቅ ይገኛል። የኦሪቱ የፋሲካ በግ እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው ምሳሌ ነው። አማናዊው በግ በመስቀል ላይ የተሠዋው ክርስቶስ ነው፤ እርሱንም በቅዱስ ቁርባን እንቀበለዋለን። የስኳሩ በግ ግን ከሁለቱም አይቈጠርም፤ ሰው ለመታሰቢያ ያበጀው ነው እንጂ። መታሰቢያም የሚከበረው ወደሚታሰበው እስካደረሰ ድረስ ብቻ ነው። በኦሪት ዘፀአት ልጆች የፋሲካውን ሥርዓት አይተው ትርጓሜውን ሲጠይቁ ወላጆች ይመልሱላቸው ዘንድ ታዝዟል። እንግዲህ መታሰቢያውን መታሰቢያ የሚያደርገው የወላጅ ቃል ነው። ቃል የተለየው ምስል ምንም ቢያምር ከጣፋጭነት አያልፍም።

ሌላም ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። ስኳር በቀድሞው ዘመን በአውሮፓ የነገሥታትና የመኳንንት ጌጥ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1574 ዓ.ም. ቬኒስን በጐበኘ ጊዜ ከስኳር የተሠራ የገበታ ዕቃ ቀርቦለት ነበር። ኋላ ዋጋው ረክሶ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ግን በብራዚልና በካሪብያን ደሴቶች በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያን ላብና ደም ነው። ዛሬ በፖላንድ ስኳር የሚወጣው በዚያው አገር ከሚዘራ፣ የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነ ተክል ነውና በግ የምታበጀው እናት በዚያ ግፍ አትጠየቅም። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ በአንዱ አፍ የጣፈጠው በሌላው ጉሮሮ መርሮ ሊሆን ይችላል፤ ጣዕሙም መራራውን ያስረሳል።

ስለዚህ ነው የኦሪቱ በግ ከመራራ ቅጠል ጋራ እንዲበላ የታዘዘው። ነፃ የወጣ ሕዝብ የባርነቱን ምሬት እንዳይረሳ ነው። በፖላንዳውያንም ቅርጫት ውስጥ ከስኳሩ በግ አጠገብ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር ይቀመጣል፤ የጌታን የሕማሙን ምሬት ያስባል ይላሉ። በጉን ወስዶ ሥሩን የተወ ግን ትንሣኤን ያለ ስቅለት ሊያከብር የፈለገ ነው።

በእኛም ዘንድ የቤት መታሰቢያ አልታጣም። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን፣ በቀዳም ሥዑር በራስ ላይ የሚታሰረው ቄጤማ ለጠየቀ ልጅ ሁሉ ትምህርት ነው። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች የስኳር በግና የስኳር እንቁላል አይተው «እኛስ ለምን አንሠራም?» ማለታቸው አይቀርም። ወላጅ ሆይ፣ ልጅህን አትቈጣው፤ ዝም ብለህም ገዝተህ አትስጠው። መሥራት ካስፈለገ ጾም ነውና በእንቁላል ነጭ ፈንታ በውሃ ይራስ፤ ሲሠራም የበጉ ነገር ይነገር። ጣቱን ሳይልስ የትንሣኤን ሌሊት የጠበቀ ልጅ ጾምን በእጁ ተምሯል። ጾሙ በተፈታ ጊዜም የመጀመሪያው ቊራሽ ለራሱ ሳይሆን ምንም ላልደረሰው ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ። እንዲህ ከሆነ ስኳሩ በአፍ ውስጥ ቢሟሟም ትምህርቱ በልብ ይቀራል፤ ይህ ከሌለ ግን በጉን ከማበጀት ጉልባኑን ቀቅሎ ትርጓሜውን መንገር ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።