ምኞት ምን ያህል ያደርሳል?



«ምኞት አይከለከልም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የሚናገረው ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። መመኘት እንደማይከለከል ነገረን እንጂ የተመኘነው ሁሉ መልካም ስለ መሆኑ፣ ወይም አጥብቆ መመኘት ብቻውን ካሰብንበት የሚያደርሰን ስለ መሆኑ ምንም አላለም። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ከጎረቤት ዲስክ እየተዋስን ያየናቸውን የተረት ፊልሞች የሠራው የዋልት ዲስኒ ድርጅት፣ የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2023 «ዊሽ»፣ ማለትም «ምኞት» የተባለ የካርቱን ፊልም አውጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ጠብቀን አየነው፤ አይተነውም ቅር አለን። ቅሬታችን ከየት እንደ መጣ ስንጠያየቅ ነገሩ ከአንድ ፊልም ያለፈ ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሮሳስ በምትባል በሜዲትራንያን ባሕር ላይ ባለች የልብ ወለድ ደሴት ማግኒፊኮ የሚባል አስማተኛ ንጉሥ ይገዛል። ነዋሪው ሁሉ 18 ዓመት ሲሞላው በልቡ ያለውን ትልቁን ምኞት ለንጉሡ ያስረክባል፤ ካስረከበ በኋላም ምን ተመኝቶ እንደ ነበር ይረሳዋል። ንጉሡ አልፎ አልፎ ከምኞቶቹ አንዱን መርጦ በሕዝብ ፊት ይፈጽማል፤ የቀሩትን በቤተ መንግሥቱ ይጠብቃቸዋል። አሻ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ 100 ዓመት የሚሞላው አያቷ ሳቢኖ ምኞቱ እንዲፈጸምለት ትለምናለች። የሽማግሌው ምኞት መጪውን ትውልድ የሚያነቃቃ ነገር መፍጠር ነው። ንጉሡ ግን የሚያነቃቃው ለምን ነገር ነው? ለበጎ ነው ወይስ አገር ለማፍረስ? ብሎ እንቢ ይላል። እንግዲያውስ ይመለስለት ብትለው ይህንንም ይከለክላታል። አሻ ወደ ሰማይ አንጋጥጣ ስትመኝ ኮከብ ይወርድላታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ንጉሡን የመጣል ታሪክ ነው። በመጨረሻም ሕዝቡ በአንድነት ሲመኝ ንጉሡ ተሸንፎ በመስተዋት ውስጥ ይታሰራል።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ የተነሣበት ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። የሰው ምኞት የሰውየው ነው፤ ማንም ባለሥልጣን «ለደኅንነትህ ብዬ ነው» እያለ ሊቆልፍበት አይገባም። ይልቁንም ምኞቱን ያስረከበ ሰው ምን እንዳጣ እንኳ አለማወቁ ልባችንን ነክቶታል። ሳይመን የሚባለው የአሻ ጓደኛ ምኞቱን ካስረከበ ወዲህ ፈዞና እንቅልፋም ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ነገር ግን ንጉሡ የጠየቀው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ፊልሙ ጠያቂውን ክፉ አድርጎ ሣለና ከጥያቄው አመለጠ። ክፉ ሰው የጠየቀው ሁሉ ደግሞ ክፉ ጥያቄ አይደለም። ምኞቶቹ ለየባለቤቶቻቸው ሲመለሱ አንዱ የጎረቤቱን ቤት፣ ሌላው የባልንጀራውን ውርደት ተመኝቶ ቢሆንስ? በሮሳስ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይታይም። የሚታዩን ልብስ መስፋት የምትፈልግና መብረር የሚያምራቸው ንጹሓን ናቸው። ተረት ነውና ምን ይደረግ እንዳንል፣ የጥንቱ ተረት እንኳ ሰውን እንዲህ አያቆላምጥም። ጀርመናውያን ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የዓሣ አጥማጁና የሚስቱ ተረት ይገኛል። ሴትዮዋ ከደሳሳ ጎጆ ወደ መልካም ቤት፣ ከዚያም ወደ ቤተ መንግሥት ትሻገራለች፤ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ቀጥሎም የሮም ፓፓ ትሆናለች። ባሏ አዲስ ምኞት ተሸክሞ ወደ ባሕሩ በተመለሰ ቁጥር ውኃው እየጠቆረና እየተናወጠ ይሄዳል። በመጨረሻ እንደ እግዚአብሔር መሆን ስታምራት ወደ ደሳሳ ጎጆዋ ተመለሰች። ተራኪው ስብከት አልጨመረበትም፤ ባሕሩን ብቻ አሳየን።

ቅሬታችንን የሚያበረታው ደግሞ ይህን የድርጅቱ የራሱ የቀድሞ ሥራ ጠንቅቆ ያውቀው የነበረ መሆኑ ነው። ኮከብ አይቶ የመመኘት ነገር የድርጅቱ መለያ የሆነው በ1940 ከወጣው ከፒኖክዮ ፊልም ወዲህ ነው። ጄፔቶ የተባለው እንጨት ጠራቢ ሽማግሌ በመስኮቱ ኮከብ አይቶ የሠራው አሻንጉሊት እውነተኛ ልጅ እንዲሆንለት ይመኛል። ሰማያዊ የለበሰችው የተረት እመቤትም ትመጣለች፤ ነገር ግን ምኞቱን ሙሉ በሙሉ አትፈጽምለትም። ለእንጨቱ ሕይወት ትሰጠዋለች እንጂ ልጅ መሆኑን ደፋር፣ እውነተኛና ከራሱ ይልቅ ለሌላው የሚያስብ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ ታቆየዋለች። ፊልሙ ሁሉ እንግዲህ በኮከቡና በልጁ መካከል ያለው መንገድ ነው። ይዋሻል፤ አፍንጫው ይረዝማል፤ ትምህርት ቤቱን ትቶ ከአታላዮች ጋር ይሄዳል፤ ጆሮና ጭራ አብቅሎ አህያ ለመሆንም ይቃረባል። ልጅ የሆነው አባቱን ከታላቁ ዓሣ ነባሪ ለማዳን ራሱን ለሞት ከሰጠ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ በዚያ ሰዓት ስለ ምኞቱ የሚያስብበት ፋታ አልነበረውም። የሮሳስ ሰዎች ምኞታቸውን የረሱት ተወስዶባቸው ነው፤ ፒኖክዮ ግን የዘነጋው ከምኞቱ የሚበልጥበት ሰው እየሰጠመ ስላየ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መርሳቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ አዲሱ ፊልም ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍማ ከዚህም ይከብዳል። ካርሎ ኮሎዲ የተባለው ጣልያናዊ ደራሲ ከ1881 እስከ 1883 በልጆች ጋዜጣ በተከታታይ ባወጣው በዚህ ታሪክ መጨረሻ፣ ፒኖክዮ ለደከመው አባቱ አንድ ብርጭቆ ወተት ለማግኘት ሲል ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ መቶ ባልዲ ውኃ ከጉድጓድ ያወጣል። ይህንም ለአምስት ወራት አላቋረጠም፤ ከዚያም በላይ ቅርጫት መሥራት ተምሮ ይሸጣል። ለአዲስ ልብስ ያጠራቀማትን 40 ሳንቲም ግን እመቤቲቱ ታማ መቸገሯን በሰማ ጊዜ ላከላት፤ በዚያች ሌሊት ልጅ ሆነ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ለሚለው ተረታችን ከዚህ የተሻለ መልስ እኛ አናውቅም። ወተቱ የመጣው በባልዲ ነው።

የ1940ው ፊልም ከመጽሐፉ ብዙ እንደ ለወጠ እናውቃለን። ኅሊናን ሆኖ የሚከተለው ፌንጣ በመጽሐፉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው በመዶሻ ተመትቶ ይሞታል! ስለዚህ ተረቱ ለምን ተነካ ብለን አይደለም የተቀየምነው።

«ሁሉም ድሮ ቀረ» የምንል መስሎ የሚታየውም አይጠፋም። ይኸው ድርጅት በ2009 ባወጣው «ልዕልቲቱና እንቁራሪቱ» በሚለው ፊልም የቲያና አባት ለትንሿ ልጁ ኮከብ የሚያደርሳት ከመንገዱ ከፊሉን ብቻ እንደሆነ፣ የቀረውን በድካሟ መሙላት እንዳለባት ይነግራታል። እኛ ያን ፊልም እንወደዋለን። ዘመኑም፣ የሠሪዎቹም ጥበብ አልጎደለም ማለት ነው፤ የጎደለ ቢኖር ሐሳቡን እስከ ዳር የመከተል ትዕግሥት ነው።

በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ፈላስፎችን መጥቀስ እናበዛለን ትሉን ይሆናል፤ አንዱን ብቻ ታገሡን። አርስቶትል በኒቆማኮስ ስም በሚታወቀው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍል ምኞትንና ምርጫን ይለያቸዋል። ሰው የማይቻለውን፣ ለምሳሌ አለመሞትን፣ ሊመኝ ይችላል። በእጁ የሌለውንም፣ ይኸውም አንድ ተዋናይ ወይም ስፖርተኛ እንዲያሸንፍለት ሊመኝ ይችላል። የሚመርጠው ግን በራሱ ሥራ ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ ነው። ስለዚህም የሰውን ጠባይ ከምኞቱ ይልቅ ምርጫው ያሳየናል። አሁን ወደ ሮሳስ እንመለስ። ሕዝቡ ንጉሡን ያሸነፈው በምን ነው? አንድ ላይ በመመኘት። አሻ እንኳ ለመረጠችው ነገር ብዙ ስትሮጥ አይተናት ነበር፤ በፍጻሜው ግን ያ ሁሉ ሩጫ ተረስቶ ድሉ ለምኞት ተሰጠ።

«የሕፃናት ፊልም ነው፤ ልጆቹ ተደስተው ከወጡ ምን አለበት?» የሚል ጓደኛ አለን። እኛ ግን የሚያስጨንቀን ለልጆቹ ነው። ምኞትህ ራሱ የልብህ እውነት ነው፣ አጥብቀህ ከተመኘህ ይሆናል የተባለ ልጅ፣ ያልሆነለት ቀን ምን ብሎ ሊያስብ ነው? ወይ በሚገባ አልተመኘሁም ብሎ ራሱን ይኮንናል፣ ወይ ሰርቆኛል የሚለውን ንጉሥ ይፈልጋል። ከመካከላችን አንዱ ከልጅነቱ ሲያልመው የኖረውን የትምህርት ክፍል ውጤቱ አላበቃውም። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ የተመደበበትን መጽሐፍ ሳይከፍት ማን እንደከለከለው ሲያሰላ ይውላል። ስናጽናናው «እናንተማ የተመኛችሁትን አግኝታችኋል» ይለናል። ምኞቱን እንዲተው አንመክረውም፤ ሮሳስ ውስጥ እንደ ሳይመን ፈዞ እንዲቀር አንወድለትም። ነገር ግን መልሱለት የሚለው ነገር በማንም እጅ የለም፤ ይህን እንዴት አድርገን እንደምንነግረው ገና አላወቅንበትም። አዲሱን ፊልም አብረን ስናየው ከሁላችን ይልቅ የወደደው እርሱ ነበር።

ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች፤ ብዙ ሰው ሳያያት ይነሣል። ሳቢኖ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያውን ይዞ ተቀምጦ ይታያል፤ የሚጫወተውም ያንኑ የ1940ውን የፒኖክዮን የኮከብ ዜማ ነው። እኛ ከፊልሙ ሁሉ ልናይ የፈለግነው ይህን ነበር። ሽማግሌው በመቶ ዓመቱ ምኞቱ ሲመለስለት ያን ዜማ ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀበት? ጣቱ ስንት ጊዜ እንቢ አለው? ማን ተቀምጦ ሰማው፣ ማንስ ሳቀበት? ትዕይንቷ ግን ወዲያው ታልፋለች፤ መብራቱም ይበራል።