ውርጭ ሳይቀድመን

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ጎመን ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ ከጎመን መደብ ተነስቶ ሩቅ ይሄዳል።

የምንኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከዳገቱ ግርጌ ነው። ከቤታችን ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት የማታህል ጓሮ አለችን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «የሌማት ትሩፋት» ሲባል ብዙ ጎረቤት ጓሮውን ቆፍሯል፤ የእናቴ ግን ከዚያ በፊትም ነበረች። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቂት ቲማቲምና ቃሪያ ይበቅልባታል። ክረምቱ ያጠጣታል፣ መስከረም ያሳምራታል። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩም ይጠራል። ያኔ የጓሮ ባለቤት ሁሉ በየጠዋቱ ወጥቶ ቅጠል መዳበስ ይጀምራል። የሚፈራው ውርጭን ነው።

ውርጭ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ የሚያለብሳት የለም። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከሥሩ የምንኖር ሰዎች የዳገቱ ብርድ ሌሊቱን ወርዶ ጓሯችን ውስጥ ሲያድር እናገኘዋለን። በአንድ ጓሮ ውስጥ እንኳን የላይኛው መደብ ተርፎ የታችኛው ሊመታ ይችላል። ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ሌሊት አይችሉም፤ ቅጠላቸው በጠዋት የተቀቀለ ይመስላል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ይጠቁራል። ጎመንና ካሮት ጠንከር ይላሉ። ቢሆንም የፈራ ሰው ይህን ሁሉ አይለይም፤ ያገኘውን ይለቅማል።

ዓምና ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ነፋሱ ጸጥ አለ። ሰማዩ ላይ የደመና ቅዳጅ አልነበረም። እናቴ ቀና ብላ አየችና «ዛሬ ሌሊት ይወርዳል» አለች። ዘምቢል ይዤ ወጣሁ። መግሪብ ሳይደርስ ጓሮዋን ባዶ አስቀረኋት፤ ያልበሰለውን ቲማቲም ሳይቀር ለቀምኩ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ከፈልኩት። ለምለሙ ለቤታችን፣ ደህና ደህናው ለእህቴ ቤት። የቀረውን በፌስታል አድርጌ ለጎረቤታችን ለእማማ መደብኩት። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ ክርስቲያን እናት ናቸው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ጎመን ያስፈልጋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ግን የታችኛው የጎመን ቅጠል ነበር፤ ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ ትል የበሳው። ጠውልጎ የተኛ ቆስጣም ነበረበት። ልጄን «ለእማማ ስጥና ና» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት ልቤ ሞልቶ ነበር። ሰደቃ የሰጠሁ መስሎኛል።

እናቴ ልጁን በር ላይ አስቆመችው። ፌስታሉን ከፈተች፣ አየች፣ ወደኔም ዞረች።

«ይሄን እሷ ብትልክልን ምን ትል ነበር?»

ዝም አልኩ።

«ቢያንስ ለበግሽ ነው በላት። ለአንቺ ነው ብለህ አትላክ።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወገኖቼ፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ ላይ የከለከለን ይህንኑ ነው። ስንሰጥ መጥፎውን እየመረጥን እንዳንሰጥ፤ ያውም ለእኛ ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን። የአንቀጹን መውረድ ምክንያት በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) ሲያወሩት፣ የመዲና አንሷሮች ተምር ሲደርስ ዘለላውን አምጥተው ችግረኞች እንዲበሉት መስጂድ ውስጥ ይሰቅሉ ነበር። አንዳንዱ ሰው ግን የተበላሸውንና የተሰበረውን ዘለላ ያመጣ ነበር። የሰቀለው ሰው በዓይኑ የታየው «ሰጠሁ» የሚለው ብቻ ነው፤ የተቀባዩ ፊት አልታየውም። እኔም ዘለላዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ነበር።

የእናቴ ጥያቄ ይህን አስተካከለልኝ። ነገር ግን ሌሊቱን ስገላበጥ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፣ ይኼኛው ደግሞ ይከብዳል። እሺ፣ ለምለሙን ጎመን ብሰጥስ ኖሮ? ያን ዕለት የሰጠሁት ውርጭ ሊወስደው ነው ብዬ ስለፈራሁ ነው። ካልሰጠሁት ይበላሻል፣ ከእኛ አቅም በላይም ነው። ሊሄድ የተነሳን ነገር መሸኘት ለጋስነት ይባላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የትኛው ሰደቃ ምንዳው እንደሚበልጥ ተጠይቀው ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ መልሳቸው ጤነኛ ሆነህ፣ ነፍስህ እየሰሰተች፣ ድህነትን እየፈራህና ሀብትን እየተመኘህ የምትሰጠው ነው የሚል ነበር። ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ቆይቶ ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሌ ማለትንም አስጠነቀቁ፤ ያኔ ገንዘቡ ቀድሞውኑ የሌላ ሰው ሆኗልና።

አስተውሉ! የስጦታው ሚዛን ያረፈው በመጠኑ ላይ አይደለም፤ በጊዜው ላይ ነው። ከእጅህ ሊወጣ የቆረጠ ነገር ሲወጣ ነፍስህን ምንም አይነካትም። መስከረም ላይ፣ ጎመኑ ገና ሲያምር፣ ሾላ ገበያ ዋጋው ውድ ሳለ፣ «ይህን ብሸጠው ይሻል ይሆን?» እያልክ ስትቀነጥስ ግን የምትቀነጥሰው ከራስህ ነው። የኅዳር ውርጭ ለጓሮ እንደ ሞት ነው። በውርጭ ዋዜማ ለጋስ የማይሆን ማን አለ? በሞት ዋዜማስ?

«ታዲያ ለእማማ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ይኖራል። ድስት ኒያ አይጠይቅም፤ ጎመኑ ደህና ከሆነ በፍርሃት ተሰጠ በፍቅር ያው ይበስላል። ይህ ሐሳብ ቀላል አይደለም፣ እኔም ብዙ አሰብኩበት። ምግብ ከሚበሰብስ ለሰው መድረሱ በእርግጥ ይሻላል። ማባከን በራሱ ኃጢአት ነው። ሱረቱል አንዓም 141ኛው አንቀጽ ስለ አዝመራ ሲናገር ሁለቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል፤ በምታጭዱበት ቀን ሐቁን ስጡ ይልና ወዲያው አታባክኑ ይላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣም ስጦታ አይጣልም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን አንቀይር። ጓሮ ማጽዳትን ልግስና ብለን ከጠራነው፣ ልግስናው ራሱ ሳይመጣ ዕድሜያችን ያልቃል፤ ያደረግነው መስሎን አንፈልገውምና።

እናቴ «ለበግሽ ነው በላት» ያለችው ለዚህ ነው። ያው ፌስታል፣ ያው ቅጠል፣ ስሙ ሲስተካከል መልካም ሥራ ሆነ። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉልን፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። ለበጉ የሚገባውን ለበጉ፣ ለእናት የሚገባውን ለእናት። ያን ዕለት ማታ እናቴ ከለምለሙ ክምር አንስታ ሌላ ፌስታል ሞላችና ልጁን ሁለቱንም አስይዛ ላከችው።

አንዳንዶቻችሁ «በጓሮ አትክልት ላይ ዘካ አለ ወይ?» ትሉ ይሆናል። ዑለማዎች በዚህ ተለያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዘካ የሚወጣው ሊቀመጥ ከሚችልና ለዋና ምግብነት ከሚውል እህል ነው፤ ጎመንና ቃሪያ ውስጥ አይገቡም። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን መሬት ካበቀለችው ሁሉ፣ አትክልትም ቢሆን፣ ይወጣል ብለዋል፤ ሁለቱ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ በዚህ አልተከተሏቸውም። ዝናብ ባጠጣው 10 በመቶ፣ ሰው ደክሞ ባጠጣው 5 በመቶ መሆኑ የታወቀ ነው። የራሳችሁን ጉዳይ ዓሊሞቻችሁን ጠይቁ። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። «ግዴታ የለብኝም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የጥያቄው መጨረሻ ይመስለናል። ግዴታ በሌለበት ቦታ ነው ግን ልባችን ምን እንደሆነች የሚታየው።

በሱረቱል ቀለም ከ17ኛው አንቀጽ ጀምሮ የተነገሩትን የአትክልቱን ባለቤቶች አስቡ። አትክልቱ የራሳቸው ነው፤ አልሰረቁም። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት አባታቸው ለድሆች ያካፍል ነበር፤ ልጆቹ ያን አቋረጡ። ማልደው ሊለቅሙ ማሉ፤ ምስኪን እንዳይገባባቸው እየተንሾካሾኩ ሄዱ። ሲደርሱ ግን ጠፍቶ ጠበቃቸው። መጀመሪያ መንገድ የሳቱ መሰላቸው፣ ቀጥሎ የተነፈጉት እነሱ መሆናቸው ገባቸው። እነሱ የቸኮሉት ድሃን ለመቅደም ነው፣ እኔ ውርጭን ለመቅደም። በሁለቱም ችኮላ ግን ድሃው መጨረሻ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ውርጭ የመታውን ሰው ሁሉ «ቅጣት ነው» እንዳንል። ውርጭ የለጋሱንም የንፉጉንም ጓሮ ይመታል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ባቄላው በአንድ ሌሊት የጠቆረበት ገበሬ ከእኛ የሚገባው እገዛ እንጂ ፍርድ አይደለም። ታሪኩ የተነገረን ራሳችንን እንድንመረምርበት ነው፤ ጎረቤታችንን እንድንለካበት አይደለም።

አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) የሚወዱትን እስካልሰጡ ድረስ በጎነት እንደማይገኝ የሚናገረውን አንቀጽ በሰሙ ጊዜ፣ ከሀብታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን የበይሩሓእ አትክልት ሰጡ። መስጂዱ ፊት ለፊት ያለ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ከጣፋጭ ውሃው የሚጠጡበት ቦታ ነበር። ውርጭ አልመጣባቸውም፤ ያስቸኮላቸው ቃሉ ብቻ ነው። እኛ አትክልት ሙሉ እንስጥ አልተባልንም። ከመስከረሙ ጎመን አንድ እቅፍ ግን ማን ያቅተዋል?

ዘንድሮ ቤታችን ያደረግነውን ልንገራችሁና ላብቃ። መስከረም ላይ የመጀመሪያው ቀንጠባ ወደ እማማ ቤት ሄደ። እናቴ ጓሮው መሀል ያለችውን አንዷን መደብ «የሰው ናት» ብላ ለየቻት፤ ከእሷ እኛ አንቀነጥስም። ጥቂት የጎመን ግንዶችን ደግሞ ለዘር ተውናቸው፤ ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ወፍም ድርሻዋን ትወስዳለች። ውርጭም መጣ፤ ቲማቲሙን ወሰደ። ሌሊቱን ግን እንደ ዓምናው አልተገላበጥኩም።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ጓሮ የለህ ይሆናል። ደሞዝ አለህ፣ ጉልበት አለህ፣ ጊዜ አለህ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው አለህ። ሰማዩ ገና ደመና ለብሶ ሳለ ስጥ። ምሽቱ ሲጠራ ዘምቢል ይዞ መሮጥ ለሁላችንም አይቀርም፤ ያኔ በእጃችን የሚቀረው የታችኛው ቅጠል ብቻ እንዳይሆን።

አላህ ሆይ፣ ከምንወደው የምንሰጥ አድርገን። የዘገየነውን ይቅር በለን፣ የቀረንን ጊዜ ባርክልን። አዝመራቸውን ብርድ የመታባቸውን ተካላቸው። ጎረቤቶቻችንን በእኛ፣ እኛንም በእነሱ አስደስተን። አሚን።

በዚህ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍንም ማንበብን አንርሳ። መልካም ጁሙዓ!